መልስ፦ ዝርዝር ያልተጻፈበት የፊት ማቅሊያ ክሬም

የገዛሽውን ማቅሊያ ክሬም ልቀባው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል፤ አትቀቢው። «በሳምንት ያቀላል» ተብሎ የተሸጠልሽ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ያልተጻፈበት ክሬም፣ ዋጋው ቢያንገበግብም ፊት ላይ አይወጣም።

ወደፊት ስትገዪ ማሸጊያው ላይ እነዚህን ስሞች ፈልጊ፤ ካገኘሻቸው አትግዢው፦

1. ሜርኩሪ። «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩረስ ክሎራይድ» ተብሎም ይጻፋል። ኩላሊት ይጎዳል፤ ትነቱ ቤት ውስጥ ላሉ ሕፃናትም ይተርፋል። ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ስለሚደበቅ፣ «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካየሽ ጠርጥሪ።

2. ሃይድሮኪኖን። ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል ነው፤ ሐኪም ካላዘዘው ይቅር።

3. ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን። ስቴሮይድ የሚባሉ፣ የቆዳ ቁጣንና ማሳከክን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሲቆዩ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ብጉርና የደም ሥር ያወጣሉ።

እህትሽ ለወራት ስትቀባው ቆይታለች ስላልሽ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፋርማሲ ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነው፦ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ድንገት ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይልጣል። ሰው ታዲያ «ክሬሙ ነበር የያዘልኝ» ብሎ ተመልሶ ይገዛዋል። ስለዚህ ሳትውል ሳታድር ክሬሙን ከነማሸጊያው ይዛ ቆዳ ሐኪም ጋ ትሂድ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። ስንት ወር እንደተቀባች አትደብቅ፤ አቋራረጡን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።