ፎቶው አንድ፣ አገሩ ሁለት

ጥያቄ፦ ጊኒ ቢሳውንና ኬፕ ቨርዴን ከፖርቱጋል ነፃ ያወጣው አንድ ፓርቲ ነው ይባላል። ታዲያ አንዷ መፈንቅለ መንግሥት የማይለቃት፣ ሌላዋ ሰላም የሆነችው ለምንድን ነው? የሕዝቡ ጠባይ ይሆን?

መልስ፦ ጠባይ እንኳ አይደለም። ጥያቄዎን ሳነብ በ2001 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይያዙልኝ) ዶርም አብረውኝ የነበሩ ሁለት ልጆች ትዝ አሉኝ። አንዱ ከጊኒ ቢሳው ዋና ከተማ ከቢሳው፣ አንዱ ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች፣ ከሚንዴሎ ከተማ። ሁለቱም ራስጌያቸው ላይ የለጠፉት ያንኑ ፎቶ ነበር፤ የነፃነት ትግሉ መሪ አሚልካር ካብራል፣ ከነመነጽሩና ከነሹራብ ቆቡ። ስለ ካብራል ሲያወሩ ወንድማማች ናቸው። 1980 ከተነሳ ግን ይኮራረፋሉ።

ካብራል ራሱ የሁለቱም ነበር። ወላጆቹ ኬፕ ቨርዳውያን ናቸው፣ የተወለደው ግን ጊኒ (የዛሬዋ ጊኒ ቢሳው) ውስጥ ባፋታ ነው። ሊዝበን ግብርና ተማረ። በ1953 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የጊኒን እርሻ እንዲቆጥር አሰማራው። መንደር ለመንደር እየዞረ ማን ምን እንደሚዘራ መዘገበ። ፖርቱጋል ደመወዝ እየከፈለች አገሩን አስጠናችው ማለት ነው! በ1956 ያ እርስዎ የጠቀሱት የነፃነት ፓርቲ፣ ፒ.ኤ.አይ.ጂ.ሲ.፣ ሲመሠረት ያ እውቀት በእጁ ነበር።

ቅሬታው ግን ከፓርቲው ይቀድማል። ፖርቱጋል አብዛኛውን ጊኒያዊ በሕግ “ኢንዲጄና” (የአገሬው ተወላጅ) ብላ ከዜግነት በታች አስቀመጠችው። ይህ ሕግ የቀረው በ1961 ነው። ኬፕ ቨርዳውያን ግን አልተነኩበትም። ትምህርት ቤትም ቀድሞ ስለደረሳቸው ጊኒ ውስጥ በጸሐፊነትና በአስተዳዳሪነት ብዙዎቹ ተቀጠሩ። የጊኒ ገበሬ ቢሮ ሲሄድ የሚያገኘው ነጭ ሳይሆን የደሴት ሰው ነበር። ደሴቶቹም ቢሆኑ አልተመቻቸውም፤ በ1940ዎቹ ረሃብ በአሥር ሺዎች ረግፈዋል፣ ብዙዎችም በኮንትራት ሳኦ ቶሜ ካካዎ እርሻ ተግዘዋል።

ጦርነቱ በ1963 ተጀመረ። ሁሉም ውጊያ ጊኒ ምድር ላይ ነው፤ ደሴቶቹ ላይ ግንባር የሚባል አልነበረም። የሚሞተው በአመዛኙ የጊኒ ገበሬ፣ ከአመራሩ ደግሞ ብዙው የኬፕ ቨርዴ ዘር። ካብራልን ጥር 20 ቀን 1973 በሌላዋ ጊኒ ዋና ከተማ ኮናክሪ ላይ የገደሉት የገዛ ፓርቲው ሰዎች ናቸው። ከነፃነት በኋላ ወንድሙ ሉዊስ ካብራል ጊኒ ቢሳውን መራ። በ1980 ሩዝ ጠፋ፣ ሕዝቡ አጉረመረመ። ኅዳር 14 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒኖ ቪየራ፣ ስመ ጥሩ የጦር አዛዥ፣ ገለበጠው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ኬፕ ቨርዳውያን የራሳቸውን ፓርቲ ይዘው ወጡ።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ነገሩ ያለው ከጦርነቱ በኋላ ጠመንጃው የቆየበት ቦታ ላይ ነው። ጊኒ ቢሳው ከመንግሥቷ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ጦር ወረሰች። “አገሩን ያመጣነው እኛ ነን” የሚል ጦር ደግሞ በሲቪል አይታዘዝም። በ1998 ቪየራ ኤታማዦር ሹሙን ቢያባርር ጦርነት ተነሳ፤ የቢሳው ጓደኛዬ ትምህርቱን ያቋረጠው ያኔ ነው። በ2009 የጦሩ አዛዥ በቦምብ ተገደለ፣ ሰዓታት ሳይቆዩ ወታደሮች ቪየራን ገደሉት።

ኬፕ ቨርዴ ጻድቅ ነበረች አልልም። እስከ 1990 ድረስ አንድ ፓርቲ ብቻ ነው የገዛት። ግን ውጊያ ያላየች አገር ነችና ሥልጣን የሚጠይቅ የጫካ ጦር አልነበራትም። በ1991 ገዢው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ፣ ወንበሩንም ለቀቀ። ያኔ የወረደው ጠቅላይ ሚኒስትር ፔድሮ ፒሬስ በ2001 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ አሸነፈ። በስንት ድምፅ? በ12!

ዜናው የደረሰን ዶርም ሆነን ነው። የቢሳው ልጅ “እኛ ጋ ቢሆን የሚቆጠረው ታንክ ነበር” አለ። የሚንዴሎው እንኳን ያን ቀን አልሳቀበትም።