በፖከር ጠረጴዛ የወጣ ስም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ፣ ሁሉም ስለ ቴክሳስ ሆልደም (እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይዞ፣ መሐል ላይ ከሚገለጡት አምስት ካርታዎች ጋር የሚያጣምርበት ፖከር) የሚጠይቁ ናቸው። መልሳችን ለሽምብራና ለቆርኪ ጨዋታ ነው፤ ያለ ፈቃድ ገንዘብ አስይዞ ማጫወት በሕግ ያስጠይቃል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን እንጫወታለን። እኔ ጥሩ ካርታ ካልያዝኩ አልገባም። ስለዚህ ገና ስጨምር ሁሉም ይጥላል፤ ሁለት አስ ይዤ እንኳ የማገኘው ሦስት ሽምብራ ነው። «እሱ ከገባ ውጡ» ይባባላሉ። ይህ ስም ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ብዙ ይጠቅማል፤ እርስዎ ግን በማይሠራበት ቦታ እየተጠቀሙበት ነው። ሁለት አስ በአማካይ ከ221 ዙር አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ካርታውን ራሳችሁ የምታድሉ ከሆነ በአንድ ምሽት 70 ዙር ያህል ትጫወታላችሁ። ስለዚህ አስ ሲመጣ ሰው ለምን ጣለብኝ ከማለት፣ ምንም ሳይዙ ሰው የሚጥልልዎትን ዙር ይፈልጉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መሐል ላይ 60 አለ፤ እርስዎ ባዶ እጅዎን 40 አስያዙ። ከ100 ጊዜ 40 ጊዜ ብቻ ቢጥሉልዎ አይከስሩም፤ 40ን ለ100 (ለ60 እና ለ40 ድምር) ያካፍሉት። እንደ እርስዎ «ቁጥብ» የተባለ ሰው ሲያስይዝ ግማሹን ጊዜ ቢጥሉለት፣ በእያንዳንዱ ሙከራ በአማካይ 10 ያተርፋል። «ቀውስ» የሚባለው ጓደኛችሁ ያንኑ 40 ቢያስይዝና ከአራት ጊዜ አንዴ ብቻ ቢጥሉለት ግን በአማካይ 15 ይከስራል። ካርታው አንድ፣ የሚያስይዙት አንድ፤ የለየው ስማቸው ነው።

አንድ ዙር እንውሰድ። እያንዳንዱ ሰው 200 ይዞ ይጀምር፦ ቆርኪ በ25 ሒሳብ 4፣ ባቄላ በ5 ሒሳብ 16፣ ሽምብራ በ1 ሒሳብ 20። (ሽምብራው ጥሬ ይሁን፤ የተቆላ ከሆነ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ሀብቱ ይበላል።) ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስይዙት፣ ስሞል ብላይንድ 1፣ ቢግ ብላይንድ 2 ነው። እርስዎ የልብ አስና የዳይመንድ ኪው ይዘው 6 አሉ፤ አዳዩ ብቻ ተከተለ፤ መሐሉ 15 ሆነ። የልብ ኬ፣ የልብ 8፣ የአበባ 3 ወጣ። 10 አስያዙ፣ ተከተለ፤ 35። አራተኛው የስፔድ 5 ነው። 25 አስያዙ፣ ተከተለ፤ 85። አምስተኛው የልብ 2 ሆነ። በእጅዎ ጥንድ እንኳ የለም። አሁን 60 ያስይዙ።

ለምን እዚህ? በመጀመሪያ፣ ሦስት ልብ ሲወጣ የልብ አስ በእጅዎ ስለሆነ ትልቁ ፍለሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) እሱ ጋ ሊኖር አይችልም። ቀጥሎ፣ ከመነሻው ጨምረው እስከ መጨረሻ ያስያዙት ልክ በልብ አስና በሌላ ልብ የሚጫወቱት አጨዋወት ስለሆነ ታሪኩ አይፋለስም። ኬና ጄ የያዘ ሰው ስምዎን ካወቀ ይጨነቃል። 60 አስይዘው 85 ለመውሰድ ከ100 ጊዜ ወደ 41 መጣል አለበት፤ ከእርስዎ ስም አንጻር ይህ ብዙ አይደለም። መጨረሻ ላይ 20 ብቻ ቢያስይዙ ኖሮ ግን ማንም ከጉጉት የተነሳ ይከፍልዎታል፤ ቁጥቦች ብለፍ (ባዶ እጅ ይዞ አስይዞ ማስጣል) ሲሞክሩ በብዛት የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ፈርተው ትንሽ ያስይዛሉ።

ካርታው ገና ሊሻሻል የሚችልበት ዙር ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ሦስቱ ካርታ ሲወጣ አራት ልብ ከሞላልዎ፣ የቀሩት 9 ልቦች ናቸው፤ በሁለቱ ካርታ ከ100 ወደ 35 ጊዜ ፍለሹ ይሞላል። ቢከተልዎትም መውጫ አለዎት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። ስምዎ የሚሠራው እርስዎን ለሚከታተል ሰው ብቻ ነው። ስልኩን እየነካካ የሚጫወተውን፣ ከሰዓት በኋላ ጠላ ሲጠጣ የዋለውን፣ ዛሬ ገና የተቀላቀለውን በስም ለማስፈራራት መሞከር ሰሙን ላልሰማ ሰው ቅኔ መዝረፍ ነው። ለእነሱ ጥሩ ካርታ ይጠብቁና ከፍ አድርገው ያስይዙ። ሌላው፣ ስምዎ በዓመት ጨዋታ የተገነባ ይመስልዎታል እንጂ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የተገለጡትን ካርታዎች ነው። እንደ እርስዎ ከአምስት ዙር አንዱን ብቻ የሚገባ ሰው ከ70 ዙር 14 ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ ተገልጠው የሚታዩት አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው። አንዱ ባዶ ሆኖ ከተያዘ ስምዎ በዚያው ቅጽበት ተቀየረ። ያኔ ብለፉን ለዚያ ምሽት ያቁሙ፤ ጥንድ ኬ ሲመጣም እስከ ዛሬ 6 ይሉ የነበረውን 10 ይበሉ። አሁን ይከተልዎታል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ብለፍ ሠርቶልኝ ሰው ሲጥል ካርታዬን ገልጬ አሳያለሁ፤ ይናደዳሉ፣ ደስ ይላል። ግን ምሽቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ ከሳሪ ነኝ።

መልስ፦ ማሳየትዎ ብቻውን አያከስርም፤ አሳይተው ሲያበቁ ያንኑ መድገምዎ ነው። ባዶ ካርታ ያሳየ ሰው ለጠረጴዛው «ከዚህ በኋላ ተከተሉኝ» ብሏል። የሚቀጥለው ሥራው ጥሩ ካርታ ጠብቆ ማስከፈል ነው፤ እርስዎ ግን በደስታው ገፍተው በሁለተኛው ዙር ደግመው ያስፈራራሉ፣ እነሱም ደስ ብሏቸው ይከተላሉ።

ማሳየት ካለብዎ ምሽቱ ሲጀመር፣ መሐሉ ትንሽ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩ። እኛ በበኩላችን የምንመርጠው ተቃራኒውን ነው፦ ሰው ሲጥልልዎ ጥሩውን ካርታ አልፎ አልፎ ማሳየት፣ ባዶውን ሁልጊዜ መደበቅ። ለጎንዎ ሰው ብቻ በሹክሹክታ ማሳየት ግን አይገባም፤ ደንቡ ለአንድ የታየ ለሁሉም ይታይ ነው።

ከባሕር ዳር፦ በጠረጴዛው ብቸኛዋ ሴት ነኝ። «ትጥላለች» ብለው ሁልጊዜ ይጨምሩብኛል። እልህ ይዞኝ ስከተል ደግሞ እበላለሁ።

መልስ፦ እልሁን ይተዉት፤ የሰጡዎትን ስም ግን አይተዉ። በእርስዎ ላይ ከመጠን በላይ የሚያስይዝ ሰው መካከለኛ ካርታዎን ወደ ጥሩ ካርታ ይቀይርልዎታል። መሐሉ 60 ሆኖ 40 ቢያስይዝ፣ ለመከተል ከ100 ጊዜ 29 ያህል ማሸነፍ ይበቃዎታል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጥንድ (መሐል ከወጡት ካርታዎች ከትልቁ ቀጥሎ ካለው ጋር የተጣመረውን) ይዘው ይከተሉ። ስሕተቱ ምንም ሳይዙ መከተል ነው፤ «አስ አለኝ» ብቻ አይበቃም። ትልቅ ካርታ ሲመጣ ደግሞ አይቸኩሉ፤ ቼክ ይበሉና (ሳያስይዙ ይለፉና) እሱ ያስይዝልዎ።

ካርታ ከመውጣቱ በፊት 6 ሲሉብዎት፣ በጥንድ 9 እና ከዚያ በላይ፣ በአስና ኪው፣ በአስና ኬ 18 ወይም 20 ይበሉ። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ያምኑዎታል፤ «እሷ ከጨመረች አላት» የሚል ግምት ገና አልተፈተነምና። በዚያ መካከል አንድ ሁለት ጊዜ በደካማ ካርታ መልሶ መጨመር ይቻላል፣ ለምሳሌ ምልክታቸው አንድ ዓይነት በሆነ አስና 5።

የተናቀ ሰው ጉልበት እስከ ዓለም ሻምፒዮናው ድረስ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ 839 ሰዎች በተጫወቱበት ዋና ውድድር መጨረሻ ላይ፣ የሒሳብ ሠራተኛው አማተር ክሪስ መኒሜከር ኬና 7 ይዞ፣ ምንም ሳይሞላለት፣ ያለውን ሁሉ አስያዘ። ልምድ ያለው ባለሙያ ሳም ፋርሃ ኪውና 9 ይዞ፣ ጥንድ 9 ሞልቶለት ሳለ ጣለ። መኒሜከር ውድድሩን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

ከሞጣ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ አጎቴ አብሮን ይጫወታል። እሱ ሲያስይዝ ይሉኝታ ይዞኝ አልጨምርበትም፤ ስጨምር ደግሞ «ይቅርታ ጋሼ» እላለሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ «ይቅርታ ጋሼ» ማለትህ ነው ካርታህን የሚያጋልጠው። የምትለው ጥሩ ካርታ ስትይዝ ብቻ ስለሆነ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ሰምቶ ይጥላል። ወይ በጨመርክ ቁጥር በለው፣ ወይ ጨርሶ ተወው። አክብሮቱ በሰላምታና ቡና በማቅረብ ይገለጽ። ይሉኝታው አልለቅህ ካለ ከአጎትህ በስተግራ ተቀመጥ፤ ተራው ወደ ግራ ስለሚሄድ እሱ ምን እንዳደረገ አይተህ ትወስናለህ፣ ከጨመረም በርካሽ ትጥላለህ። እሱ የጣለበት ዙር ላይ ግን ከሌሎቹ ጋር በነፃነት ተጫወት።

ከቡሬ፦ በስልክ፣ በነፃ ቺፕ በሚሠራ ጨዋታ ላይ ስም መገንባት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም ማለት ይቀላል። ተጫዋቹ በየደቂቃው ይቀያየራል፤ ቺፑም ሲያልቅ በነፃ ስለሚሞላ ማንም አይጥልም። ብለፍን ይርሱት፤ ጥንድዎ ከሁሉ በላይ ሲሆን የመሐሉን ያህል ያስይዙ፤ ይከፍሉዎታል።