ግርጌው የበሰበሰ ደረቅ ባህር ዛፍ በገመድ አጣጣል

ወንድማለም፣ ከአዘዞ የላክኸው ደርሶኛል። 15 ሜትር ገደማ የደረቀ ባህር ዛፍ፣ ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ትንሽ ያዘነበለ፣ በጓሮ በኩል ክፍት ቦታ አለ፣ ግርጌው ላይ እንጉዳይ በቅሏል፣ ገመድ አስራችሁ ስትስቡት ደግሞ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ አሁን በባጃጅ ልንጎትተው ነው አልከኝ። ተው በናትህ!

መሬቱ ተሰነጠቀ ካልከኝ ስሩ በስብሷል። ባጃጅ መንጭቆ ነው የሚስበው፣ ወይ ከላይ ይሰበራል ወይ ከነስሩ ተገንድሶ ወዳልታሰበ ቦታ ይሄዳል። ማንም አይውጣበት፣ ለገመድ ማሰሪያም ቢሆን።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይግባህ። ዛፍ ስትጥል ከፊት፣ በሚወድቅበት በኩል፣ አፍ የምንለውን ቁርጥ ታወጣለታለህ፣ ከኋላ ትቆርጣለህ፣ መሃል ላይ ሳትነካው የምትተወው ስስ እንጨት አለ፣ እኔ ማጠፊያ ነው የምለው፣ እንደ በር ማጠፊያ ዛፉን ይዞ አንተ ወደፈለግከው ቀስ አድርጎ ያስተኛዋል። እርጥብ ዛፍ ከሆነ ይለመጥና እስከ መጨረሻው ይይዛል። ደረቅ ግን መለመጥ አያውቅም፣ እስቲ አንድ እርጥብ ቀንበጥና አንድ ጭራሮ አንስተህ እጠፋቸው፣ ቀንበጡ ተልጦ እንኳ አይለቅህም፣ ጭራሮው ቀጭ! ያንተም ዛፍ ገና መውደቅ ሲጀምር ማጠፊያው ቀጭ ይላል፣ ከዛ በኋላ ወዳዘነበለበት ወደ ቆርቆሮው ነው። ስለዚህ ደረቅ ዛፍ ላይ የማጠፊያውን ስራ የሚሰራው ገመዱ ነው፣ አንድ ገመድም አይበቃህም።

አንዱ ወደ ጓሮው የሚስበው ነው። ሁለተኛው በቆርቆሮው ተቃራኒ፣ ከግንዱ ጋር ትክክል በጎን፣ ደህና እርጥብ ዛፍ ላይ ይታሰራል፣ ወደፊትም ወደኋላም ፈቀቅ እንዳይል፣ እንደዛ ከሆነ ዛፉ ሲወድቅ አይላላም አይበጠስም። ሁለቱም 10 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁኑ፣ ሰራተኛው መሰላል ጫፍ ላይ ያሰረው በጣም ዝቅ ብሏል። ትንሽ ከረጢት አሸዋ ሞልተህ በሲባጎ አስረህ ወርውረህ ባላው ላይ አሳልፈው፣ ገመዱን በሲባጎው ትስበዋለህ።

ገመድ ስትገዛ ያን ፀሐይ ላይ የሰነበተውን ቢጫ ፕላስቲክ አትግዛ፣ በጣትህ ስታሸው ዱቄት ያራግፋል፣ ሰው በዚህ ነፍሱን ያስይዛል ወይ! ደህናው ገመድም ቢሆን ቋጠሮው ጋ ግማሽ ድረስ ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል።

ያ ባለመጥረቢያ በቆርቆሮው በኩል ጀምሮት የሄደው ቁርጥ በጣም ነው ያናደደኝ፣ ዛፉን ወደ ቤት አፍ ከፍቶለት ነው የሄደው። ከሱ አንድ ክንድ ከፍ በልና በመዶሻ አንኳኳው፣ እንደ ከበሮ ድም ካለ ባዶ ነው፣ አትቁረጠው፣ ክሬን ፈልግ። ደረቅ ድምፅ ከሰጠህ፣ ግንዱ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲም ከሆነ አፉን ከ8 እስከ 10 ሳንቲም አውጣ፣ ማጠፊያውን 5 ተውለት፣ የጎኑን ገመድ አስቀድመህ ወጥረው። ሳቢዎቹ ከ25 ሜትር ወዲያ ይቁሙ፣ ገመድ እጃቸው ላይ እንዳይጠመጥሙ፣ ሳይነቀንቁ እኩል ይሳቡ። አንተ መሰንጠቅ እንደሰማህ ወደኋላ በሰያፍ ውጣ፣ ቀና ብለህ እያየህ።

ቅርንጫፉን ብቻ ልቀንስ ብሎ የሚወጣ ልጅ ካለ መሰላሉን ከግቢ አስወጣው።