ፊልም መሥራት ለምትፈልጉ የጅማ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ሦስት ልጆች ዝናብ እያባረራቸው ሱቄ ገቡ። ጉርድ ፎቶ ፈልገው መስሎኝ ወንበሩን አስተካከልኩ። አንደኛው ግን ከጃኬቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጣና "ጋሼ፣ ፊልም ጽፈናል። ሆረር ነው፤ ሳይንስ ፊክሽንም አለበት" አለኝ።

ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከጠፈር የወደቀ ፍጥረት የቡና መጋዘን ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ሌሊት ዘበኛውን ያሳድዳል። ወደድኩት። የቡና መጋዘንን በሌሊት የሚያውቅ ልጅ ብቻ የሚጽፈው ነገር ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ልቤ ቀዝቀዝ አለ። የሚያስፈልጉ ነገሮች ተዘርዝረዋል። አንደኛ፣ ኃይለኛ ኮምፒውተር። ሁለተኛ፣ የውጭ ካሜራ። ሦስተኛ፣ ስፖንሰር። ከሥር "እነዚህ ሲሟሉ ቀረጻ ይጀመራል" ይላል።

ያን ቀን ደንበኛ ገባብኝና በወጉ ሳላናግራቸው ሄዱ። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። እንደ እነሱ ደብተር ታቅፎ ለሚዞርም ሁሉ ይድረስ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1978 ዓ.ም. ነው። ፎቶ ቤት ተላላኪ ሆኜ ገባሁ። ቆይቶ ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አስገቡኝ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ለቅሶ ስቀርጽ ኖሬአለሁ። ትልቅ ፊልም አልሠራሁም። ምስል ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስመለከት ነው የኖርኩት።

የእህቴ ልጅ አንድ ማታ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን አስፈሪ ፊልም "ኤሊየን፦ ሮሙለስ" በላፕቶፕ አሳየችኝ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የመጀመሪያው "ኤሊየን" በ1979 ወጣ፣ ሁለተኛው በ1986፤ የአዲሱ ታሪክ በሁለቱ መሀል ይገባል። (ስለ ፊልሞቹ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የማዕድን ማውጫ ሥራ ያንገፈገፋቸው ወጣቶች ለማምለጥ ብለው ወደተተወ የጠፈር ጣቢያ ይወጣሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው የጠፈር ጭራቅ ነው። ፊልሙ አስፈራኝ። ይበልጥ የያዘኝ ግን አሠራሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ አሠራሩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ሳይ ከረምኩ።

ዳይሬክተሩ ፌዴ አልቫሬዝ ይባላል። የኡራጓይ ሰው ነው፣ የሞንቴቪዴዮ ልጅ። በ2009 አምስት ደቂቃ የማይሞላ አጭር ፊልም ሠርቶ ዩቲዩብ ላይ ጫነ። ግዙፍ ሮቦቶች መጥተው ሞንቴቪዴዮን ያፈርሳሉ። ወጪው 300 ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል። በቀናት ውስጥ ከሆሊውድ ስልክ ይደወልለት ጀመር። ልብ በሉ፣ ኒውዮርክን አይደለም ያፈረሰው። ሲያድግ የተመላለሰበትን መንገድ ነው።

እነዚያን ሮቦቶች በኮምፒውተር ነው የሠራቸው። ስለዚህ ኮምፒውተር አትንኩ አልላችሁም። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። 300 ዶላር በነበረው ጊዜ በኮምፒውተር የሠራ ሰው፣ ለ"ሮሙለስ" 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲመደብለት ወደ እጅ ሥራ ሄደ። ቡዳፔስት ውስጥ ኮሪደሮቹን አስገነባ። የጭራቆቹን አካል ባለሙያዎች ቀርጸው፣ ቀለም ቀብተው፣ በሽቦና በሞተር እንዲንቀሳቀሱ አደረጉ። ፊት ላይ የሚጣበቁት ባለ ብዙ እግር ፍጥረቶች አንዳንዶቹ እንደ ልጆች መኪና በሪሞት ነው የሚሮጡት። በ1986ቱ ፊልም ላይ ገና ወጣት ሳሉ የሠሩ ባለሙያዎችም ተጠሩ፤ አሌክ ጊሊስ አንዱ ነው። ኮምፒውተሩ በኋላ ገብቶ ሽቦውን አጠፋ፣ የጎደለውን ሞላ።

ለምን እንዲህ ደከሙ? እኔ የገባኝ ከሠርግ ቀረጻ ነው። ሙሽራን "አሁን እናትሽ እየተሰናበቱሽ እንደሆነ አስቢ" ብትሏት ፊቷ ላይ የምታገኙት ሌላ ነው። እናትየው እውነት አንገቷ ላይ ሲጠመጠሙ የምታገኙት ሌላ ነው። ካሜራ ሁለቱን ይለያል። ተዋናይም ሰው ነው። በኋላ በኮምፒውተር ጭራቅ የሚተካበት አረንጓዴ ጨርቅ ላይ አፍጦ ከሚፈራ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ክንዱን ሲነካው ቢደነግጥ ይሻላል።

የመጀመሪያው ፊልም በዚህ የተሞላ ነው። ጭራቁን የነደፈው ኤች. አር. ጊገር የሚባል የስዊዘርላንድ ሠዓሊ ነው። የጭራቁ እንቁላል ተከፍቶ ውስጡ ሲታይ የምታዩት ሥጋ የከብት ጨጓራ ነው። ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ የዳይሬክተሩ የሪድሊ ስኮት የገዛ እጁ ነው፤ ጓንት አጥልቆ። ለእኛ ዱለት የሚሆነው ነገር ለእነሱ የሌላ ዓለም ፍጥረት ሆነ። የጠፈር መርከቧ ከሜዳ ላይ ግዙፍ ሆና እንድትታይ ሲፈልጉ ትንንሽ የጠፈር ልብስ አሰፍተው ለልጆች አለበሱ። የስኮት የራሱ ልጆች ነበሩበት። አጭር ሰው አጠገቡ ሲቆም ያው ግንብ ትልቅ ይመስላል። የመጋዘናችሁ በር ካነሰባችሁ ታናሽ ወንድማችሁን የዘበኛ ካፖርት አልብሱት። ከሩቅ ቅረጹት።

አንድ ሰው ደግሞ በስም እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ቦላጂ ባዴጆ። በ1979ኙ ፊልም በጭራቁ ልብስ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ናይጄሪያዊ ነው፤ ለንደን ዲዛይን ይማር ነበር። ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ፣ እጅና እግሩ ረጃጅም። የፊልሙ ሰዎች መጠጥ ቤት ውስጥ አይተውት ነው የጠሩት። ተዋናይ አልነበረም። ቀስ ብሎ፣ ሰው ባልሆነ ሁኔታ መንቀሳቀስን ሰልጥኖ ተማረ። ከዚያ ፊልም በኋላ ሌላ አልሠራም። በ1992 ሲክል ሴል በሚባል የደም ሕመም አረፈ፤ አርባ ዓመት አልሞላውም። ዓለምን ያስፈራው አካል የአንድ የሌጎስ ልጅ አካል ነበር፤ ፊቱ አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም። "ሮሙለስ" ውስጥም መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ረጅም ፍጥረት የሚጫወተው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረ ሮማኒያዊ ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ30 ገደማ። የሠፈራችሁን ሰዎች በዚህ ዓይን እዩ። ረጅሙን ልጅ ሁሉም "ቀጮ" እያለ ያልፈዋል። እናንተ አካሄዱን አጥኑት።

ወደ እጅ ልመለስ። ጅማ እጅ አልጎደላትም። ከሱቄ ወረድ ብሎ አንድ በርጩማ የሚጠርብ ሰው አለ። ግንዱን በሁለት እግሩ መሀል ያቆመዋል። መሮውን ያሳርፋል፣ ይመታል፣ ያዞራል፣ እንደገና ይመታል። ፍርፋሪው ጭኑ ላይ ይከመራል። ሚስማር የለም፣ ማጣበቂያ የለም። መቀመጫውም ሦስቱም እግር ከአንድ እንጨት ይወጣል። አንድ ቀን የፍየል የራስ ቅል አሳየሁትና "ከዋንዛ እንዲህ ያለ፣ መንጋጋው ግን እስከ ጆሮው የሚከፈት ትሠራልኛለህ?" አልኩት። አልሳቀም። ቅሉን ተቀብሎ አገላበጠ። በአውራ ጣቱ የመንጋጋውን ማጠፊያ ዳሰሰና "ጥርሱ ለብቻው ይሁን?" ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ የባለሙያ ጥያቄ ነው። በትልልቆቹ ስቱዲዮዎችም የሚጠየቀው ይኸው ነው። ከሱ ሌላ ቆርቆሮ ሠሪ አለ፣ ጫማ ሠሪ አለ፣ ልኳንዳ አለ። ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ ከምትለምኑ፣ እነዚህን ሰዎች ሻይ ጋብዟቸውና ጭራቃችሁን ሣሉላቸው።

እንዲህ ስል ግን ጭራቁ የእናንተው ይሁን። ኤሊየንን አትቅዱ። ንብረትነቱ የሰው ነው፣ በሕግ ያስጠይቃል። ደግሞስ ምን አስቀዳችሁ? ቦዬ ረግረግ ዳር ሲመሽ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? የቡና መፈልፈያ ማሽን ሊጠፋ ሲል የሚያሰማውን ጉርምርምታ ሰምታችኋል? ያን ድምፅ ስልካችሁ ላይ ቅረጹና በጨለማ አዳምጡት። ፍጥረታችሁ እንዴት እንደሚተነፍስ ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት ከተማሪዎች ጋር አጭር አስፈሪ ድራማ ቀረጽን። ደም ያስፈልገን ነበር። ማርን በቀይ ቀለም በጥብጬ እኔው ሠራሁት። ሲታይ እውነተኛ ነበር፤ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ። የልጁን ግንባርና ጉንጭ ቀባሁት። ደጅ ነበር የምንቀርጸው። ማር ባለበት አገር ንብ እንዳለ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ልጁ "ካት" እስኪባል ብሎ ሳይንቀሳቀስ ቆመልኝ። ሦስት ቦታ ተነደፈ። ዓይኑ አብጦ ተደፈነ። ማታ እናቱ በር ላይ ቆመው "አንተን አምኜ ነው የሰጠሁህ" ብቻ አሉኝ። ዳነ፣ ተመስገን። እኔ ግን ዛሬም ቀረጻ ከመጀመሬ በፊት የምቀባውን ሁሉ ራሴን ቀብቼ፣ ደጅ ወጥቼ፣ ሩብ ሰዓት እቆማለሁ። ጭስ ስትሠሩ፣ ገመድ ስትሰቅሉ፣ ጨለማ ውስጥ ሰው ስታስሮጡ መጀመሪያ እናንተ ሞክሩት። የሰው ልጅ አደራ ነው።

አደራ ካልኩ አይቀር፣ "ሮሙለስ" ውስጥ ያልወደድኩት አንድ ነገር አለ። በ1979ኙ ፊልም ሮቦቱን የተጫወተው ኢያን ሆልም በ2020 አርፏል። በአዲሱ ፊልም ፊቱን በአሻንጉሊትና በኮምፒውተር መልሰው አመጡት። ቤተሰቡ ፈቅዷል። ያም ሆኖ ብዙ ተመልካች ቅር አለው። ለቤት ዕይታ ሲወጣም አሠራሩን አሻሻሉት። እኔ ገና ሳየው ሆዴ ባር ባር አለው። ሥራዬ ያስተማረኝ ነገር ስላለ ነው። ሰዎች የሞተባቸውን ሰው ጉርድ ፎቶ ይዘው ይመጡና "አሳድግልን" ይሉኛል። አንዲት እናት የሞተ ልጃቸውን በእህቱ የሠርግ ፎቶ ላይ እንዳቆምላቸው ለመኑኝ። አቆምኩት። ጥላውን አስተካከልኩ፣ ከረባቱን አሰርኩለት። ሲያዩት ረጅም ጊዜ ዝም አሉና "እሱ እንዲህ አይስቅም ነበር" አሉ። ከዚያ ወዲህ የሞተን ሰው ፎቶ አጸዳለሁ፣ አሳድጋለሁ እንጂ ያላደረገውን አላስደርገውም። ስልካችሁ ላይ ባለው መተግበሪያ ዛሬ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እናንተ አታድርጉት ነው የምለው።

ስለ ፍርሃት ራሱ የማውቀው ከጨለማ ክፍል ያመጣሁትን ነው። ወረቀቱን ዴቨሎፐር በሚባለው ምስል አውጪ ፈሳሽ ውስጥ ስትነክሩት መጀመሪያ ምንም የለም። ነጭ ነው። ቀዩ መብራት ሥር ሳህኑን ቀስ እያላችሁ ታወዛውዛላችሁ። ከዚያ አንድ ጥቁር ነጥብ ትመጣለች። ዓይን ይሁን የሸሚዝ ቁልፍ አታውቁም። ከዚያ ሌላ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሁልጊዜ በዚያች ቅጽበት ትንፋሼን እይዝ ነበር። ፊቱ ሙሉ ሲወጣ እለቀዋለሁ። የ1979ኙም ጭራቅ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ልጆቹ ደብተር ላይ ግን ፍጥረቱ በሁለተኛው ገጽ ላይ በር ሰብሮ በሙሉ ቁመቱ ይገባል። እዚያ ጋ ትንፋሽ የሚይዝ ሰው አይኖርም። መጀመሪያ ዘበኛው የተደፋ ቡና ይይ። ቀጥሎ ከላይ ያለው ጆንያ ትንሽ ይንሸራተት። ባትሪውን ወደ ጣራው ያንሣና ምንም አይኑር። ጭራቁ የተሟላ ሰውነት እንኳ አያስፈልጋችሁም፤ አንድ ክንድና አንድ መንጋጋ ይበቃል።

መንጋጋው አልቋል። ጠራቢው ባለፈው ሳምንት አመጣው፤ ጥርሱ ለብቻው ነው፣ በማጠፊያው ጅማት ሰክቶበታል። ከመደርደሪያው ላይ ለደንበኛ በማይታይበት በኩል አስቀምጬዋለሁ። ሦስታችሁም ስማችሁን ሳልጠይቅ ነው የሄዳችሁት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቅ አለሁ። ሁለት መብራት አለኝ፣ ትራይፖድ አለኝ። ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፣ ያን ረጅሙን ልጅም ጨምራችሁ።