«አንድ ጨምር» ያልኩ ቀን

ሰሞኑን ወገቡን አሞት ለፊዚዮቴራፒ ሕክምና ወደ እኔ የመጣ አንድ ወጣት፣ አልጋው ላይ በሆዱ እንደተኛ፣ «ጋሼ፣ የድሮዎቹ ጉልበተኞች ያለ ፕሮቲን፣ ያለ ጂም እንዴት ነው እንደዚያ የጠነከሩት?» አለኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ብረት ገፊ ነበርኩ። የወተት ዱቄት ጣሳ ሲሚንቶ እንሞላና በውሃ ቧንቧ እናያይዛለን፤ አለቀ፣ ዳምቤል ሆነ! አንድ ቀን የቆየ መጽሔት እጃችን ገባ። ውስጡ አፖሎን የሚባለው ፈረንሳዊ ጉልበተኛ፣ ሉዊ ኡኒ፣ በዘንግ ተያይዘው ከሚነሱት የባቡር ጎማዎቹ ጋር አለ። ብረቱ 166 ኪሎ፣ ዘንጉ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት። ጣት ዞሮ አይገጥምበትም። አፖሎን ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ የአገሩ ልጅ ሻርል ሪጉሎ ከራሱ በላይ አንስቶታል።

እኛም የራሳችንን ሠራን። ሁለት የመኪና ቸርኬ ከጋራዥ ለመንን፣ ወፍራም ቧንቧ አገኘን፣ መሀሉን ሲሚንቶ ሞላን። ወፍጮ ቤት ወስደን ብናስመዝነው 52 ኪሎ ሆነ። ባለ ወፍጮው «እህሉ የታል?» ብሎ ሲስቅብን ትዝ ይለኛል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ስለነበር ሚዛኑን አበላሽተንበት ተጣልቶናል።

እሁድ ጠዋት ነው። በሦስት ዓመት የሚያንሰኝ የጎረቤት ልጅ ብረቱን ከትከሻው ወደ ላይ ይገፋል። ቀጭን ነው፤ ግን ወኔው አይጣል። አምስቴ ገፋና ሊያወርደው ሲል የእጁን መንቀጥቀጥ አየሁ። አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። «አንድ ጨምር!» አልኩት። ሌሎቹም ተቀበሉኝ። ጨመረ። ቧንቧው ከመዳፉ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሄደ፣ ክንዱም አብሮ ሄደ። ትከሻው ቀጭ አለ። ብረቱ የእናቱን የጎመን መደብ ደርምሶ ቆመ።

ወጌሻ ጋ ወስደነው በቅቤ ታሸ፣ ተመለሰ ተባለ። ለእናቱ «ከአጥር ወደቀ» አልን። ውሸቱን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ። ትከሻው በዓመቱ ሁለቴ ወለቀ።

የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ ነው ስለነዚያ የድሮ ጉልበተኞች በደንብ ያነበብኩት። ጀርመናዊው አርተር ሳክሰን በአንድ እጁ 168 ኪሎ ገደማ ከራሱ በላይ አድርሷል፤ የራሱ ክብደት ግን መቶ ኪሎም አይሞላም። ይህ ሰው ልምምዱ ላይ እስኪዝል ድረስ አይሠራም ነበር! ከባድ ያነሳል፣ ጥቂት ጊዜ ያነሳል፣ ጉልበቱ ሳያልቅ ይተወዋል። እኛ ደግሞ ካልወደቅን የሠራን አይመስለንም ነበር። ሌላው ጉልበተኛ አሌክሳንደር ዛስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኦስትሪያዎች ተማርኮ ሳለ፣ የታሰረበትን ሰንሰለትና የመስኮቱን ብረት እየጎተተ ነው የሠራው። ብረቱ አይነቃነቅም፤ የሚሠራው ጅማቱ ነው። ነጻ ከወጣ በኋላ ያንኑ አሠራር ለንደን ውስጥ አስተማረ።

የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም። በሦስት ወር ደረት፣ በስድስት ወር ፎቶ። ቆይ፣ እኛስ መቼ ነበረን? ሲሚንቶው እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቅንም። የድሮዎቹም ቢሆኑ መላእክት አልነበሩም። ዝነኛው ጉልበተኛ ሳንዶው ራሱ በከባድ ብረት ስሙን አስጠርቶ፣ ለሕዝቡ እጀታው ውስጥ ስፕሪንግ ያለው ትንሽ ዳምቤል ይሸጥ ነበር። ቲክቶክ ቢኖር ኖሮ ማን ይችለው ነበር!

ስለ ውሃና ስለ እንቅልፍ አልመክራችሁም፤ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። እኔ የምለምናችሁ አጠገባችሁ ያለውን ልጅ እጅ እንድታዩለት ነው። ሲንቀጠቀጥ ብረቱን ተቀበሉት፤ አትቁጠሩለት።

ያ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። አንድ ቀንም ወቅሶኝ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ይጨብጠኛል። ያየው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ ታላቁን ሲያከብር!» ይላል።