መልስ፦ ደህና የሚወረውረውን ለምን ያወጡታል?

ወንድሜ፣ «ወርዋሪው (ኳሱን ለመቺዎች የሚወረውረው ተጫዋች) አልደከመም፣ ጨዋታው በአንድ ነጥብ ልዩነት ላይ ነው፤ አሰልጣኙ ምን ነክቶት ያወጣዋል?» ብለሃል። በደሴ ብርድ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጋቢ ተከናንቦ ቤዝቦል የሚከታተል ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

አሰልጣኞቹ ምክንያት አላቸው። መቺዎቹ የሚገቡት በተራ ስለሆነ፣ አንድን ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት የኳሱን አመጣጥ ለምደውት በተሻለ ይመቱታል። የዓመታት አኃዝ ይህንን ያሳያል። ነገር ግን አኃዙ የሚናገረው ስለ ብዙዎች አማካይ እንጂ በዚያች ሌሊት ሜዳ ላይ ስለቆመው ሰው አይደለም።

የ2020 የዓለም ሲሪዝን (የአሜሪካ ቤዝቦል የዓመቱን የፍጻሜ ግጥሚያ) ስድስተኛ ጨዋታ ተመልከት። የታምፓ ቤይ ሬይስ ወርዋሪ ብሌክ ስኔል 73 ኳስ ብቻ ወርውሯል፣ 9 መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ሳይሳካላቸው፣ አሰናብቷል፣ ቡድኑ 1 ለ 0 ይመራል። የተጋጣሚውን የዶጀርስን ቀጣይ መቺ ሙኪ ቤትስን ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ በስትራይክ መልሶታል። በስድስተኛው ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር) አንድ የዶጀርስ ሰው ቤዝ (መቺ ሮጦ የሚደርስበት ማረፊያ) እንደደረሰ፣ ቤትስ ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥመው ሲል አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ ስኔልን አወጣው። ተተኪው ኒክ አንደርሰን ገና ከመግባቱ ቤትስ ኳሱን መታበት፤ መሪነቱ እዚያው ኢኒንግ ውስጥ አለቀ። ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

እኔን የሚከነክነኝ ማውጣቱ ሳይሆን የተተካው ሰው ነው። አንደርሰን ከዚያ በፊት በተከታታይ በገባባቸው ስድስት ጨዋታዎች ሁሉ ነጥብ ተቆጥሮበታል። በአኃዝ የሚመራ አሰልጣኝ ይህኛውን አኃዝ የት ጣለው? በቤዝቦል የወጣ ወርዋሪ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ከመናደድህ በፊት ከዳር ሆኖ ሲያሟሙቅ የነበረው ማን እንደሆነ፣ ሰሞኑንም እንዴት እንደወረወረ እይ።