ያን ሁሉ የስም ዝርዝር ለምን ላንብብ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምሬ በተርታ እያነበብኩ ነው። ዘኍልቍ 26 ላይ ስደርስ ግን ደከመኝ። የእገሌ ወገን፣ የእገሌ ልጆች፣ ይህን ያህል ሺህ... ዜና መዋዕል ደግሞ በስም የተሞሉ ዘጠኝ ምዕራፎች እንዳሉት ሰማሁ። ብዘለው ምን ይቀርብኛል? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ነገር ይቀርብሻል። ያቆምሽው እኮ መዘለል በሌለበት ቦታ ነው። እስቲ ቁጥር 11ን መልሰሽ እዪው። በቆጠራው መሀል «የቆሬ ልጆች ግን አልሞቱም» ይላል። በቃ፣ ማብራሪያ የለም፤ ቆጠራው ይቀጥላል።

ቆሬን ታስታውሺዋለሽ። ምዕራፍ 16 ላይ ከዳታንና ከአቤሮን ጋር ሆኖ በሙሴና በአሮን ላይ የተነሣው ሌዋዊ ነው። ያን ምዕራፍ ብቻ ያነበበ ሰው ምድር አፏን ከፍታ ስትውጣቸው የቆሬ ዘርም አብሮ አለቀ ብሎ ነው መጽሐፉን የሚዘጋው።

አሁን ያቺን አንድ መስመር ይዘሽ 1ኛ ዜና መዋዕል 6፥33 ላይ ሂጂ። ዳዊት ለዝማሬ ያቆማቸው ሰዎች እዚያ አሉ። መጀመሪያ የተጠራው ኤማን ነው። አባቱ ኢዮኤል፣ አያቱ ነቢዩ ሳሙኤል! የአባቶቹ ስም ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሄዶ ቆሬ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያም ሌዊ ጋ። 1ኛ ሳሙኤል ላይ የሳሙኤል አባት የሕልቃና አባቶች ሲጠሩ ግን አራት ስም ተቆጥሮ ይቆማል፤ ሳሙኤል የቆሬ ዘር መሆኑን የምናውቀው ብዙ ሰው ከሚዘለው ከዚህ ዝርዝር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ መሀል ላይ ያለው ኢዮኤል ነው። በቤርሳቤህ ፈራጅ ሆኖ ሳለ ከወንድሙ ጋር ጉቦ የበላው፣ ሽማግሌዎቹም «ንጉሥ አንግሥልን» ሲሉ የእነሱን ነገር ያነሡበት ሰው ነው። ኤማን እንግዲህ የጉቦኛ ልጅና የዐመፀኛ ዘር ነው፤ ጸሐፊው ግን የሁለቱንም ስም ሳይደብቅ ጽፎታል። 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 ላይ ደግሞ ይኸው ኤማን 14 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ወልዶ እናነባለን፤ ልጆቹም በእሱ መሪነት በእግዚአብሔር ቤት ያዜማሉ።

ከዚያ መዝሙር 84ን ክፈቺ (በዳዊታችን አቆጣጠር 83 ነው)። ርዕሱ የቆሬ ልጆች መዝሙር ይላል። በኃጥኣን ድንኳን ከመቀመጥ በእግዚአብሔር ቤት ደጅ መጣል ይሻለኛል የሚለው እዚያ ነው። ሙሴ ምድር አፏን በከፈተችበት ቀን ሕዝቡን «ከእነዚህ ክፉ ሰዎች ድንኳን ራቁ» ብሎ ነበር። የቆሬ ወገን ደግሞ በኋላ የመቅደሱ በር ጠባቂ ሆኗል (1ኛ ዜና 9፥19)። ይህን ሁሉ አውቀሽ መዝሙሩን እንደገና ስታነቢው በፍጹም እንደ ድሮው አይሆንልሽም፤ ለእኔ አልሆነልኝም።

ስሞቹን በቃል መያዝ የለብሽም። ዝም ብለሽ አንብቢ፣ ግን ወለደ፣ ወለደ የሚለው ድንገት ተቋርጦ ስለ አንድ ሰው ትንሽ ነገር ከተጨመረ እዚያ ላይ ቁሚ። ዜና መዋዕል ስትደርሺ 1ኛውን መጽሐፍ 7፥24 እንዳታልፊው፤ ከኤፍሬም ወገን የሆነች አንዲት ሴት ላይኛውና ታችኛው ቤትሖሮን የተባሉትን ከተሞች እንደሠራች የሚናገረው እሱ ነው።